ጥርት ያለ ጁስ

1.

«በማንኪያ?» አለ የማደንዘዣ ባለሙያው።

«በማንኪያ ነዋ! ጁስ በምን ይጠጣል ልጄ?» አለች እናቴ፣ የሆስፒታል ጋውን ለብሳ፣ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገናዋ ተዘጋጅታ።

ሰውየው ጓንቱን አወለቀ።

2. የቃሉ ዘር

ጁስን እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ወሰዱት፣ ፈረንሳዮች ከላቲን። ላቲን ውስጥ መረቅ ነበር። እኛ ሰፈር ሲደርስ አቮካዶ ሆነ፤ ላዩ ላይ ማንጎ፣ ጠርዙ ላይ ሎሚ። ብርጭቆውን ብትገለብጠው እንኳ ቶሎ አይወርድም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አንተም ታውቃለህ። እኔም አውቅ ነበር። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

3. ለታካሚዎች የተሰጠ ወረቀት

ሀ) ከቀዶ ጥገናው በፊት ለስምንት ሰዓት ምግብ አይብሉ።

ለ) ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ ወይም ጁስ መጠጣት ይችላሉ።

4.

የወረቀቱ እንግሊዝኛ «ጥርት ያለ ጁስ» ይላል፤ እንደ ውሃ ብርሃን የሚያሳልፍ ማለቱ ነው። ጥርት ያለ ጁስ የት አለ? ጆሮዬን ቆረቆረኝ። «የተጣራ ጭማቂ» ብዬ ጻፍኩ። ጭማቂ ማን ይላል ብዬ ሰረዝኩት።

ጁስ።

አዎ፣ ተርጓሚው እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም። ወረቀቱ ስም የለውም።

5. ኮሪደር ላይ የተባለው

ትርሲት (እህቴ)፦ አምስት ወር እኮ ነው ተራ የጠበቅነው!

ነርሷ፦ ሆዳቸው ባዶ አይደለም። ማደንዘዣ ላይ ሆነው ቢያስመልሳቸው ሳንባቸው ውስጥ ይገባል። ሊሞቱ ይችላሉ።

ትርሲት፦ እኔ ነኝ የገዛሁላት። በእጄ ነው ያጎረስኳት።

ነርሷ፦ ተራ እንደገና ያስይዙ።



6. እንዲህ አድርግ

ተነስ። ውሃ ግዛላት። አይ፣ ተቀመጥ። ስልክህን አውጣ። መልሰህ ክተተው። መስኮቱ ጋ ሂድ። እናትህ ጎኗን ይዛ ስታቃስት አትዙር።

ዞርኩ።

7.

«ተይ አታልቅሺ» ትላታለች እናቴ ትርሲትን፣ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሎ። «ደግሞ ጣፋጭ ነበር።»

ትርሲት ባሰባት። ልገድላት ነበር፣ ልገድላት ነበር ትላለች። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

8.

ትርሲት ወረቀቱን ደረቴ ላይ ለጠፈችው።

«አንተ የቋንቋ ሰው አይደለህ? አንብበውና እውነቱን ንገረኝ። ጥፋቱ የኔ ነው?»

አነበብኩት። ለነገሩ በቃሌ ነው የማውቀው።

«ትርስዬ» አልኩ። ቀጥሎ ያልኩትን፣ አንባቢ ሆይ፣ አንተ ሙላው።

«

 

 »