አሳቢው ማሽንና የኔ አሮጌ ስልክ

ዘንድሮ አንጀቴ እርር ብሏል። የአፕሪኮት ዛፎቼ ፍሬያቸው ሊሞላ ሲል ቅጠላቸው ይጠቀለል ጀመር፤ ውሃው ደግሞ ዓይኔ እያየ ገደል ይገባል። አሁን ካልጠጡ ፍሬው ይረግፋል። ለብርዱ ወራት ምን አድርቄ ልሸጥ ነው?

ቦዩ ጫፉ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በር የኔ፣ አንዱ የጎረቤቴ የቁርቦናሊ። ሁለታችንም ግማሽ ከከፈትን ሁለታችንም እናጠጣለን። አንዱ ብቻ ሙሉ ከከፈተ የሌላውን ይወስዳል። ሁለቱም ሙሉ ከከፈቱ ግን የቦዩ ግድብ ይናዳል፤ ውሃው የማንም አይሆንም። ድሮ ዳቦ ቆርሰን፣ በዳቦው ምለን "ግማሽ" እንባባል ነበር። አለቀ።

አሁን የውሃ ኮሚቴው በሮቹን ለማሽን ሰጠ። አንዱ ማሽን የሌላውን ሐሳብ አንብቦ ይወስናል ተባለ። ቁርቦናሊ ከዱሻንቤ ትልቅ ኮምፒውተር አስመጣ። የኔው የሚያስበው ልጄ በጣለው ስልክ ነው። ይኸው የውሃ ተራችን በደረሰ ቁጥር ግድቡ ይናዳል፣ እኛ እንደፍናለን፣ ደግሞ ይናዳል።

"ይሄ ስልክ ምን ነካው?" አልኳት ምራቴን ሳዮራን።

"የቁርቦናሊ ማሽን ሲያስብ እንደ መስጊዱ ሙላ ስብከት ማለቂያ የለውም፣ እማ። የእኛው አንብቦ ሳይጨርስ ሰዓቱ ይደርሳል። ያልጨረሰውን አያምንም፤ ይፈራና ሙሉ ይከፍታል።"

"የሱስ? ያን ሁሉ ጭንቅላት ተሸክሞ?"

"የእኛው እንደሚፈራ ቀድሞ ያውቃላ! እሱም ላለመበለጥ ሙሉ ይከፍታል።"

ጫማዬን አጥልቄ ሄድኩ።

"ቁርቦናሊ! ውጣ!"

"ኾላ ኦይኒሶ! ይግቡ እንጂ አክስቴ፣ ሻይ…"

"ሻይህ ይቅርብኝ። ያ ዝሆን ማሽንህ አጭር ያስብ።"

"እንዴ! ከተማ ድረስ ሄጄ ያመጣሁት አጭር እንዲያስብ ነው? የእርስዎ ስልክ ቢደክም ጥፋቱ የኔ ነው?"

"ከዛፍህ ሥር ያለውን እየው።"

አየ። መሬቱ በጥሬ ፍሬ ተሸፍኗል።

"አንድ መስመር ይበቃል" አልኩት። "'ስልኩ ግማሽ ከከፈተ ግማሽ፣ ሙሉ ከከፈተ ሙሉ።' ይቺን የኔም ስልክ አንብቦ ይጨርሳል፤ ከጨረሰ ደግሞ አይፈራም።"

"ቢያታልለኝስ?"

"በየትኛው ጭንቅላቱ! ደግሞ የስልኩን ሐሳብ ገና ሳያስበው የሚያነበው ያንተው ማሽን አይደል?"

እያጉረመረመ አስተካከለው። በተራችን ቀን ሁለቱም በሮች ግማሽ ላይ ቆሙ። ቁርቦናሊ በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ፦ "ማሽኔ እኮ ሥራ ፈታ፣ ኾላ!"

"ይፍታ!" አልኩት።

የዳር ዳሩ ዛፎቼ ፍሬያቸውን ጨርሰው አራግፈዋል። መቆፈሪያዬን ይዤ ውሃውን ከነሱ አዞርኩና ገና ፍሬ ወደያዙት ለቀቅኩት።