የሀሚዳ ወላጅ

ጣሂራ የጫት ዘንቢሏን አቅፋ በሩ ላይ ስትቆም፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ተሾመች እንግዳ ልትቀበል ከወንበሯ ተነሥታ ነበር፤ ማን እንደሆነች ስታይ ተመልሳ ቁጭ አለች። ከጣሂራ ኋላ ሀሚዳ መሬት መሬቱን እያየች ቆማለች።

«አክስቷ ነኝ» አለች ጣሂራ።

ጭሮ መናኸሪያ በር ላይ ጫት የምትሸጠውን ጣሂራን የማያውቅ ማን አለ? «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ቤቱ መናገር የፈራ ተማሪ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። ገበያው ቀዝቀዝ ሲልላት ሻሿን አስተካክላ ትመጣለች። ታዝናለች፣ ትምላለች፣ ካስፈለገም መምህሩ ፊት ልጁን በጥፊ ትለዋለች። ከዚያ ወደ ጫቷ ትመለሳለች።

«ባለፈው ወር የአክረም አክስት ነበርሽ» አለቻት ተሾመች።

«የሱም ነኝ።»

 ተሾመች ስለ ልጆች ሐዘንና ጭንቀት ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ ትምህርት ቤቱ የስፖርት ዕቃ ማከማቻውን ጥግ ሰጣት፤ በሩ ላይም «የምክር አገልግሎት» ተብሎ ተጻፈ። በቃ፣ ይኸው ነው። ኳስ ሊወስዱ የሚመጡ ልጆች ሳያንኳኩ ይገባሉ፤ የሚያለቅስ ካገኙ ደግሞ ቆመው ያያሉ።

ሀሚዳ አምና ከምሥራቅ ከተፈናቀሉት ጋር መጥታ ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ ውስጥ ነው የምትኖረው። ስለ ራሷ አትናገርም። ከኋላዋ የነካትን ግን ሳታይ ትመታለች፤ በቅርቡ የአንዱን ልጅ ከንፈር ሰንጥቃለች። ተሾመች ለእሷ ያልረገጠችው ቢሮ የለም። የሕፃናት ጉዳይ ወደ ጤና ላካት፤ ጤና «ባለሙያው ያለው ሐረር ነው» አላት። መስጊዱም የተሾመች ቤተ ክርስቲያንም ብርድ ልብስና ዱቄት ሰጥተዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። ልጅቷን ቁጭ ብሎ የሚያናግር ግን ከየትም አልተገኘም። ዳይሬክተሩ ጉርሜሳም ከንፈሩ የተሰነጠቀው ልጅ አባት ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እየቆመ ቢያስመርረው ቆረጠ፤ እስከ ዛሬ ወላጅ ካልመጣ ሀሚዳ ክፍል አትገባም።

«ጣሂራ፣ እኔ የፈለግኩት እናቷን ነው። ልቆጣት አይደለም፣ ላግዛት ነው። ለልጅቷም ነግሬያታለሁ።»

ጣሂራ ዘንቢሏን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረች። «እናት የለችም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባትየውን ልፈልግ ብላ ተመልሳ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ጎረቤት ነው የሚያበላት። ብቻዋን መሆኗ ከታወቀ ሌላ ቦታ ይወስዱኛል፣ እናቴ ስትመጣ ታጣኛለች ብላ ነው ዝም ያለችው። ለኔም የነገረችኝ ዛሬ ነው፣ ወላሂ።»

ተሾመች ፊቷ ጋለ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሀሚዳን በር ላይ እየጠበቀች፣ ያውም ፈገግ ብላ፣ «እናትሽን መቼ ነው የምታመጪልኝ?» ትላት ነበር። በዚህ አገር ወላጅ የሚጠራው ለጥፋት ብቻ መሆኑ እሷ ራሷ ተምራ ያደገችበት ነገር ነው፤ እንዴት ጠፋት? በራሷ ተናደደች፤ በሥልጠናው፣ በቢሮዎቹ፣ በተቀደዱት ኳሶች ሳይቀር ተናደደች።

«ሀሚዳ» ብላ ጀመረች። በሩ ተከፈተ።

«ወላጅ መጣ?» አለ ጉርሜሳ። ጣሂራን አያት። ቢያውቃትም ባያውቃትም ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። «ምኗ ነሽ?»

ተሾመች አፏን ከፈተች። አይደለችም ብትል ልጅቷ ዛሬውኑ ትባረራለች። ነች ብትል ደግሞ እናት የሌላት መሆኗ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ማንም ዳግመኛ አይጠይቅም። ቃል ሳታወጣ ጣሂራ ቀደመቻት።

«አክስቷ ነኝ፣ ጌታዬ። እናቷ የለችም፣ እኔ ነኝ ያለሁላት» አለችና ወደ ሀሚዳ ዞረች። ድምጿ ተለወጠ፤ የለመደችው ሥራ ነው። «ሰው ፊት ታዋርጂኝ? ለዚህ ነው የላክሁሽ? ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ የማስበው አንቺን አይደለም ወይ?» እጇ ተነሣ።

«ተይ!» ብላ ተሾመች ጠረጴዛውን ገፍታ ተነሣች፤ አልደረሰችም። ጥፊው አረፈ።

ተሾመች የሀሚዳን እጆች ነበር የምታየው። አሁን ትመታለች ብላ ጠበቀች።

ሀሚዳ አልመታችም። ጉንጯን ይዛ ጣሂራን ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ የመታትን እጅ ጨብጣ ያዘችው።

«በቃ፣ ክፍል ግቢ» አለ ጉርሜሳ እንደ ተገላገለ ሰው። «ካሁን በኋላ ጥፋት ብሰማ ግን አክስትሽን ነው የምጠራው።»

ሀሚዳ አልተንቀሳቀሰችም። ጣሂራ እጇን ሳብ አደረገች፤ ልጅቷ ሁለተኛውን እጇን ጨመረችበት።

«ግቢ እንጂ፣ ይቅር ብለውሻል» አለቻት ጣሂራ። መናኸሪያው በኩል የአውቶቡስ ጥሩንባ ተሰማ፤ የሂርና መንገደኞች ጫት የሚገዙበት ሰዓት ነው። ጣሂራ ተሾመችን አየቻት። «ኧረ አትለቀኝም» አለች በሹክሹክታ። «ምን ላድርግ?»

ተሾመች ልታላቅቃቸው ጎንበስ አለች። የሀሚዳ ጣቶች ነጥተዋል። አልነካቻቸውም።

«ምንድነው ደግሞ?» አለ ጉርሜሳ ከበሩ።

 ጣሂራ ዘንቢሏን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው፤ በነፃ እጇም ወንበር ሳበች።