ነጻ ምክር የሚፈልግ አለ?

የብረት ዘንጉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያርፍ የአባባ ሞአጊ ክንድ ቀጭ አለ። ሽማግሌው ከደጃፋቸው ተንሸራተው አፈሩ ላይ ወደቁ። ቤት ለቤት እየዞረች መጠይቅ የምትሞላው ማሴጎ ታብሌቷን ደረቷ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የጠየቀቻቸው እሷ ነበረች። ዕዳ ለያዛቸው ሰዎች ነጻ የምክር ቢሮ እዚሁ ሰፈራቸው ካትሌሆንግ ውስጥ ቢከፈት ይመጡ እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ ከአጥሩ ማዶ ሰው መኖሩን ሳያዩ ነገ ጠዋትም ቢሆን እመጣለሁ አሏት።

ከአጥሩ ማዶ የነበረው ማኩቤላ ነው፤ የሰፈሩ አራጣ አበዳሪ።

"ምክር ካማረህ እኔ አለሁልህ አይደል፣ አንተ ሽማግሌ?" አለና አፋቸውን በጫማው ረገጠው። ማሴጎ መሃል ስትገባ በክርኑ አገጯን መታት። ከግድግዳው ጋር ተላተመች።

"አንቺ ደግሞ ምን ያስደነግጥሻል? ጻፊ እንጂ። ደንበኞቹ አንከፍልም ብለው ያስለቀሱት ማኩቤላ የሚባል ምስኪን ነጻ ምክር ይፈልጋል በይ።"

አብረውት የመጡት ጎረምሶች ሳቁ። ማኩቤላ የቢራ ሳጥን ገልብጦ መንገዱ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ብረቱን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

ጎረቤቶች ሽማግሌውን ወደ ክሊኒክ ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ ማሴጎ ያንኳኳቻቸው በሮች ሁሉ መልሳቸው አንድ ሆነ፤ ዕዳ የለብንም፣ ምክርም አንፈልግም። አንዷማ ጥያቄውን ሳትጨርስላት በሩን ዘጋችባት።

ለአለቃዋ ደወለች። ከተጎዳች እንድትመለስ፣ የቀሩትን ቤቶች "አይፈልጉም" ብላ እንድትሞላ ነገራት።

"ይፈልጋሉ እኮ።"

"ታዲያ ቁጥሩ የታለ? እዚያ ፈላጊ ከሌለ ቢሮው ሌላ ሰፈር ይከፈታል።"

ስልኩን ዘጋችበት። ደሟን ተፋችና የሚቀጥለውን ቤት ባለቤት እማማ ፑሌንግን ፊቴን ልታጠብ ብላ ወደ ጓዳቸው ገባች። እሳቸውም ገና ሳይጠየቁ ዕዳ የለብኝም አሉ።

"እሺ፣ እማማ። የባንክ ካርድዎ ግን እዚህ ቤት ነው?"

እማማ ፑሌንግ ውሃውን ማፍሰስ አቆሙ። ከማኩቤላ የተበደረ ሰው ካርዱን ከነምስጢር ቁጥሩ ያስረክባል፤ የጡረታው ቀን ከማሽኑ ገንዘቡን የሚያወጣው ማኩቤላ ራሱ ነው።

"እሱ ጋ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የኔም፣ የልጄም።"

ማሴጎ ሁለት ባለዕዳ ብላ መዘገበች። ስትወጣ የሚቀጥለውን በር አላንኳኳችም። ካርዳቸው የት እንዳለ ልትጠይቃቸው፣ ዕዳ የለብንም ወዳሉት ቤቶች፣ ማኩቤላ ወደተቀመጠበት ጥግ አቅጣጫ ተመለሰች።