ረቡዕና ዓርብ የሚጸዳ አፍ

የአቶ ዓምደሚካኤል አፍ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ለምን ይጸዳል? ናዝራዊት ጥያቄውን ስታገላብጠው ሁለት ሳምንት ሆናት።

አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ማዶ የአፍ ባክቴሪያ ስታጠና ኖራ ነቀምቴ የተመለሰችው አንድ ነገር ለማጣራት ነበር፦ የወለጋ ሰው ኢቲቱ የሚለው፣ በታጠነ ቅል የሚረጋው እርጎ ጥርስ የሚያበሰብሰውን ባክቴሪያ ይቀንሳል ወይስ ወሬ ነው? ጨለለቂ ሰፈር ካለ ክሊኒክ ጓሮ አንዲት ክፍል ተሰጣት። አሥራ ሁለት ሰዎች በየማለዳው አዴ ጂሬኛ የሚባሉ የሰፈሩ እናት ካረጉት እርጎ አንዳንድ ኩባያ ይጠጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ምራቃቸውን በብልቃጥ ይልኩላታል።

የአሥራ አንዱ ውጤት እንደ ከተማው መብራት ሲመጣ ሲሄድ ሰነበተ። አሥራ ሁለተኛው አቶ ዓምደሚካኤል ግን ልዩ ናቸው። አምስቱን ቀን አፋቸው ረግረግ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የጸበል ምንጭ ይመስላል።

«ጾም ነውና እርጎውን ትተውት ይሆናል» ብላ ጠርጥራ ነበር። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ጥርስ የሚያበላሸው ራሱ እርጎው ሊሆን ነው! ስትጠይቃቸው «ኩባያው ባዶውን ነው የሚመለሰው፤ ሚካኤል ምስክሬ!» አሉ።

ባሕር ማዶ ያለችው ፕሮፌሰሯ መልእክት ላከች፦ ምክንያቱ እስከ ዓርብ ካልተገኘ ጥናቱ ይዘጋል። ጥናቱ ከተዘጋ ናዝራዊት አገሯ የምትቀመጥበት ሥራ የላትም።

ረቡዕ ማለዳ ሳትናገር ቤታቸው ሄደች።

አቶ ዓምደሚካኤል በረንዳው ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ዱካው ላይ የተቀመጠችው ጎረቤታቸው ሰዒዳ ናት፤ ከአንገር ጉቲን የሰፈራ መንደር የመጣች የወሎ ሰው። መፋቂያዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ የጥናቱን ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ እርጎውን ትጋታለች።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ! ምነው በማለዳ?» አሉ አቶ ዓምደሚካኤል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ አይደለም እንዴ? ጾም ነው እኮ!»

«ታዲያ እሷ...»

«አንድ ቀን እንዳይዘለል ያልሽው አንቺ ነሽ። አልተዘለለም። ሰው ተካሁ።»

«ወላሂ አንድ ጠብታ አላስቀረሁ» አለች ሰዒዳ ከንፈሯን እየጠረገች።

ናዝራዊት የበሩን መቃን ተደገፈች። «እሺ፣ እርጎውን እሷ ጠጣች። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምራቅስ የማን ነው?»

አቶ ዓምደሚካኤል ተቆጡ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ የጻፉ ሰው ናቸው። «እሷ ጠጥታ እኔ ልትፋ? በሐሰት? የጠጣ ነው የሚተፋ!»

«በሌላው ቀንስ?»

«በሌላው ቀንማ እኔው ነኛ። አራት ማንኪያ ስኳር አድርጌ ግጥም ነው!»

«ስኳር?!»

«ያለ ስኳር ማን ይደፍረዋል? ይኮመጥጣል እኮ።»

«እኔስ እንዲያው ነው የምጠጣ» አለች ሰዒዳ። «ኋላ በመፋቂያዬ ፍትግ!»

ናዝራዊትን እንደ መሳቅም እንደ ማልቀስም አደረጋት። «ረመዳን ሲገባስ?»

«እሱን ጨርሰናል» አሉ አቶ ዓምደሚካኤል፣ ኮራ ብለው። «ያ ጎረቤታችን ኦቦ ጆቴ ሊተኳት ፈቅደዋል። ጾም የላቸውም።»

«ጥርስም የላቸው» አለች ሰዒዳ።

ናዝራዊት ስልኳን አወጣች። «ጾም አፍን ያጸዳል» ብላ ብትጽፍ ፕሮፌሰሯ በደስታ ትዘላለች፤ ጥናቱም ይተርፋል። ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ቆመ። አቶ ዓምደሚካኤልን ቀና ብላ አየቻቸው፤ «የጠጣ ነው የሚተፋ» ያሉበት ቁጣ ትዝ አላት። እንዲህ ጻፈች፦

«የረቡዕና የዓርቡ አፍ የጎረቤት ነው። እርጎው ይሥራ አይሥራ እስካሁን አላውቅም። ስኳሩንና መፋቂያውን ግን መርሳት አልነበረብኝም። ከመጀመሪያው ልጀምር?»

ላከችው። መድረሱን የሚያሳየው ምልክት መጣ። ዓርብ አለፈ፤ ሌላም ዓርብ አለፈ። አቶ ዓምደሚካኤል ባገኟት ቁጥር «መልስ መጣ?» ይላሉ።

«አልመጣም፣ ጋሼ።»

በሦስተኛው ዓርብ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስኪን ፕሮፌሰርሽ! እሷን ተክቶ የሚመልስ ጎረቤት የላትም?»