እማማ ዙሀራ ያመሰገኑት ጎረቤት

ደምመላሽ ልጁን ሊያን ሊድር ሽር ጉድ ሲል አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች። ጂማ፣ ጊንጆ ቀበሌ ውስጥ ጎረቤቱ ከሆኑት ከእማማ ዙሀራ ጓሮ የበቀለው ትልቅ ዋርካ ቅርንጫፉን በእሱም ግቢ ላይ ዘርግቷል። እነዚያ ግዙፍ ወፎች እዚያ እያደሩ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ በኩስ አነጡት። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«እማማ፣ ብናባርራቸውስ?» አላቸው።

«ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ጫጩት ይዘዋል። ክንፍ እስኪያወጡ ታገሠኝ። ከቸኮልክ ድንኳኑን በእኔ ደጅ በኩል ትከለው፤ እዚያ ወፍ የለም።»

«እሺ፣ እታገሣለሁ» አለ።

እማማ ዙሀራ አጋሮ ለቅሶ ሲሄዱ ቤታቸውን እንዲጠብቅ ቁልፋቸውን ሰጡት። እሱ ግን በዚያው ቁልፍ ከፍቶ ገባና ከዋርካው ሥር አሮጌ ጎማ በበርበሬ አጨሰ፤ ቆርቆሮም ደበደበ። ትልልቆቹ ወፎች ተነሥተው ሄዱ። መብረር ያልቻሉት ጫጩቶች በጭሱ ታፍነው ዱብ ዱብ አሉ።

ሚስቱ ቆንጂት በአጥሩ በኩል አይታ «ምን ጉድ ነው የሠራኸው?» አለችው። እሱ ግን በድናቸውን ቀብሮ አመዱን ጠረገ።

እማማ ዙሀራ ተመልሰው «ወፎቼስ?» ሲሉት፣ «ጫጩቶቹ አድገው በረሩ» አላቸው።

የሠርጉ ዕለት እማማ ዙሀራ ለሙስሊም እንግዶች ከተዘጋጀው ማዕድ ተነሥተው መረቁ። «ይኼ ጎረቤቴ ስለ እኔ ሲል የታገሠ፣ ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው። አላህ ልጅህን ይባርክልህ!»

እንግዳው አጨበጨበ። ቆንጂት አቀረቀረች።

እማማ ዙሀራ ሊሄዱ ሲሉ ደምመላሽ በሩ ላይ ደረሰባቸው። «እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ጫጩቶቹ አልበረሩም። በጭስ የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

እማማ ዙሀራ «እኔ እኮ በሰው ፊት አመሰገንኩህ» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ደምመላሽ ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ማይክ ተቀበለና ያደረገውን ለእንግዶቹ ተናገረ። ቀልድ መስሏቸው የሳቁ ነበሩ። ሊያ አልሳቀችም።

እማማ ዙሀራ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙት «ደህና ዋልክ?» ይሉታል። እሱ መሬት መሬት እያየ ነው የሚመልስላቸው።