ሃያ ሰባት ነጥብ አራት

ስሙን ያወጣላት የአክስቷ ልጅ ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሌላው ተማሪ ሙከራውን ጨርሶ ዕቃ ሲያጥብ፣ እሷ ቡሬት የሚባለው ረጅም የመስታወት ቱቦ ሥር ተገትራ ፈሳሹን አንድ በአንድ ስታንጠባጥብ አየና «ጠብታ» አላት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ስሙም እዚያው ጸደቀ። እሷም ቂሟን እዚያው ቋጠረች። ቂም መያዝ የምትችልበት ልጅ ነበረች።

የከፍተኛ ኬሚስትሪ ክፍል ያለው አሥራ ሁለት ወንበር ብቻ ነው። መምህሩን ተማሪዎቹ በድብቅ ምላጭ ይሉታል፤ ምላሱ ሳይቆርጥ የሚመለስበት ቀን የለም። በወሩ መጨረሻ አንድ የላቦራቶሪ ፈተና ይሰጣል። የወደቀ ወደ ተራው ክፍል ይመለሳል፤ ልመና አይሰማም። ለሌሎቹ ይህ የአንድ ሰሞን ኀፍረት ነው። ለጠብታ ግን የፋርማሲ ትምህርት ቤት በር ተዘጋ ማለት ነው፤ ያ በር ከተዘጋ ደግሞ ከአክስቷ ቤት መውጫ የላትም። የአክስቷን ፊት ያየ ይፍረድ።

ፈተናው አዲስ ነገር አልነበረም። ምላጭ በየዓመቱ የሚሰጠው ያንኑ ሙከራ ነው፦ ፍላስክ ውስጥ ሃያ ሚሊ ሊትር አሲድ ይጨመራል፤ ተማሪው ከቡሬቱ አሲዱን የሚያረክስ ቤዝ እያንጠባጠበ ፈሳሹ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲሆን ያቆማል፤ ከዚያ ስንት ሚሊ ሊትር እንደፈጀ ጽፎ ያስረክባል። መልሱ በአንድ ያረጀ ደብተር ላይ ሰፍሮ ከታላላቆች ወደ ታናናሾች ሲወርድ ኖሮ፣ ዘንድሮ የአክስቷ ልጅ እጅ ገብቷል። አሥሩ ጓደኞቹ ተራ በተራ ገለበጡ። ጠብታም ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ጠየቀችው። እሱ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ደብተሩን ከጀርባው ደብቆ፣ «አንቺ ምን ያደርግልሻል? ቆጥረሽ ድረሺበት» አላት።

በንዴት ቆጠረች። ከክሊኒክ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ለምና አመጣች፤ ኩሽና ገብታ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ውሃ እያንጠባጠበች፣ አንዱ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሚወጣው እየቆጠረች እጇን ገራች። አክስቷ ውሃ አባከንሽ ብላ ጮኸችባት፤ ብርጭቆዎቹንም ቆለፈችባት። በሽሮፕ ጠርሙስ ቀጠለች። በወሩ መጨረሻ እጇ ካዘዘችው በላይ አንዲት ጠብታ አይለቅም ነበር።

የፈተናው ቀን ሁሉም ደብተሩ የሚለው ሃያ አምስት ሚሊ ሊትር ላይ ደረሱ። ፈሳሹ ግን ውሃ መስሎ ቀረ፤ ሮዝ የሚባል ነገር የለም። አሥራ አንዱም እጃቸውን ተጠራጠሩ እንጂ ደብተሩን አልተጠራጠሩም። ሃያ አምስት ነጥብ ዜሮ ብለው ጻፉና ፍላስካቸውን ቶሎ ቶሎ አጠቡ። ጠብታ ሃያ አምስትን አለፈች፤ ሃያ ስድስትንም አለፈች። ሃያ ሰባት ነጥብ አራት ላይ ሮዝ ሆነላት። ደገመችው፤ ያው ነው። ሠለሰችው፤ ያው ነው። ጻፈችና አስረከበች።

ምላጭ ወረቀቶቹን እዚያው ማረም ጀመረ። የእሷ ላይ ሲደርስ ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየውና፣ ወር ሙሉ ስትንጠባጠብ ከርማ የደረሰችው እዚህ ከሆነ ቦርሳዋን ይዛ መውጣት እንደምትችል ነገራት። ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው የአክስቷ ልጅ ነው።

«አልወጣም» አለች። «ቲቸር፣ እርስዎ ራስዎ ይሥሩት።»

ምላጭ የጋዋኑን እጅጌ ሰብስቦ ቡሬቱን ሞላ፤ ሊያዋርዳት እንደሆነ ያስታውቅበታል። ሃያ አምስት ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ፍላስኩን አየ። ቀጠለ። ሃያ ሰባት ነጥብ አራት ላይ ሮዝ ሆነ። የቤዙን ጠርሙስ አንሥቶ ክዳኑን ነካካው፤ ላልቷል። ቤዙን ከክረምቱ ዕረፍት በፊት የበጠበጠው ራሱ ነበር፤ አየር ገብቶበት ኃይሉ ደክሟል። ሌላ ሰው ቢሆን በራሱ ስንፍና ያፍር ነበር። እሱ ግን ወደ አሥራ አንዱ ወረቀቶች ዞረና ሃያ አምስት ከየት እንደመጣ ጠየቀ። አሥራ አንዱም አቀረቀሩ። ዞሮ ዞሮ ዓይኑ ጠብታ ላይ አረፈ።

«አንቺ ታውቂያለሽ?»

የአክስቷ ልጅ በልምምጥ አያት፤ አብረው ሲያድጉ እንዲያ አይቷት አያውቅም። ደስ አላት፤ መደበቅ አያስፈልግም።

«አውቃለሁ» አለች። «መልሱ የተጻፈበት ደብተር አለ። እኔም ለምኜ ነበር፣ ከለከሉኝ። ቢሰጡኝ ኖሮ እኔም ሃያ አምስት ብዬ ነበር የምጽፈው።»

ምላጭ ትክ ብሎ አያት። አልወደዳትም፤ ወደፊትም እንደማይወዳት ፊቱ ላይ ተጽፏል። አሥራ አንዱን ወረቀቶች ሁለት ቦታ ቀደዳቸው። የእሷን ጠረጴዛው ላይ ተወውና ሰኞ በሰዓቷ እንድትመጣ፣ አንድ ደቂቃ ብታረፍድ በሩን እንደማይከፍትላት ነገራት።

የአክስቷ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ መንገድ ዘጋባት። ለእናቱ እንደሚነግር፣ ዛሬውኑ ከቤት እንደሚያስወጣት ዛተባት። ሌሎቹ አሥሩ ከኋላው ቆመው በጥላቻ ያይዋታል።

«ደስ አለሽ አይደል? ሁላችንንም አስባርረሽ ብቻሽን ልትማሪ?»

ጠብታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ደብተሩን ሰጥተኸኝ ቢሆን» አለችው፣ «ዛሬ አሥራ ሁለታችንም አልፈን ነበር።»