ደጉ አዞ ባሮ ዳር ሲመረቅ

ረታ ስለ አዞ ሲገጥም አዞ አይቶ አያውቅም ማለት ሐሰት ይሆናል፤ በስልኩ አይቷል። ለቢሮ ሥራ ከደጋ ወርዶ ጋምቤላ ከከተመ ዓመታት ቢያልፉም፣ ባሮን የሚያውቀው ከድልድዩ ላይ፣ ያውም ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። ኒውላንድ ሰፈር ባለው ቤቱ ቬንቲሌተሩን ከፍቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ ለልጆች ይገጥማል። ልጆች አጥሩ ሥር ሲንጫጩ ደግሞ ወጥቶ ያባርራቸዋል። ለልጆች መጻፍ ጸጥታ ይፈልጋላ!

መጽሐፉ «ደጉ አዞ» ይባላል። ደራሲው በጣም የሚኮራበት ግጥም ይኸውና፦

አዞ አዞ አዞዬ፣
የባሮ ዳር ጓደኛዬ፤
ጥርስህ ብዙ፣ ፊትህ ሳቂታ፣
ና እንዋኝ እስከ ማታ።

ቤት መምታቱንስ ይመታል።

መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ እንዲገባ የሚወስነው ኃላፊ ምረቃው ላይ እንደሚገኝ ከሰማ ወዲህ ረታ እንቅልፍ አጥቷል። የኢታንግም የጎግም ወረዳ ልጅ ስሙን ሲጠራ ይታየዋል። ምረቃው ባሮ ዳር ይሁን ያለውም እሱ ራሱ ነው፣ ለፎቶ ያምራል ብሎ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

በምረቃው ቀን እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ ተማሪዎቹ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ረታ ማይኩን ጨብጦ፣ እጁን እያወናጨፈ ግጥሙን አነበበ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከልጆቹ ግን አንድም የሳቀ የለም፤ ውሃ ውሃውን ነበር የሚያዩት።

የወላጆች ተወካይ ሆና የተጋበዘችው ኛማል ተነሣች።

«እኔ ለልጄ ለኛኪየር፣ ውሃ ውስጥ አትግቢ፣ አዞ ይበላሻል እላታለሁ። ነገ ይሄ መጽሐፍ ትምህርት ቤት ይመጣል። ‹ማማ፣ አንቺ ውሸታም ነሽ፣ አዞ ጓደኛ ነው፣ መጽሐፍ ላይ አለ› ትለኛለች። ማንን ትስማ? እኔን ወይስ አንተን?»

ረታ «ግጥም ጨዋታ ነው፣ አንቺ ያልሽው ትክክል ነው» ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ሆነና፣ «እህቴ፣ ልጅን በፍርሃት ማሳደግ ደግ አይደለም! እኔ ራሴ የባሮ ወዳጅ ነኝ!» አላት።

ኃላፊው ጨዋታ ወዳድ ነው። «እንዲያማ ከሆነ አቶ ረታ፣ እስቲ ገባ ብለው ያሳዩን!» አለ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ።

እምቢ ቢል መጽሐፉ ቀረ። ረታ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ ከዚያም አንድ ብልሃት መጣለት። «ልጆች አብረውኝ ይግቡ እንጂ!» አለ። ኛኪየር እናቷ ሳትይዛት ከማንጎው ሥር ሮጣ እጁን ያዘች። እንደ እሷ ያመነው ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አልነበረም። እሱም እሷን በወንዙ በኩል፣ ራሱን በዳሩ በኩል አድርጎ ገባ።

ውሃው ከልጅቷ ጉልበት ሲደርስ «አዞ አዞ አዞዬ» ብሎ ጀመረ። ይሄኔ አንድ ጥቁር ነገር በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ወደ እነሱ መጣ።

እጇን ለቀቀ ቢባል ደግ ነበር። ገፍትሯት ነው የሮጠው። ልጅቷ ውሃው ውስጥ ወደቀች። ኛማል ከነልብሷ ዘላ ገብታ ብድግ አደረገቻት። ጥቁሩ ነገር ግንድ ነበር፤ በአጠገባቸው አልፎ ሄደ። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ የረታ እናትም ያን ቀን ልጃቸውን አላጡም። ልጃቸው ከኃላፊው ጀርባ ቆሞ ያለከልካል።

ኛኪየር አላለቀሰችም። ውሃው ከጸጉሯ እየተንጠባጠበ ፊቱ መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ አዞ ጓደኛህ አይደለም እንዴ?»

ረታ የጠቀለለውን ሱሪ ማውረድ ጀመረ።

«ታዲያ ለምን እኔን ሰጠኸው?»

ረታ ያድነኝ እንደሆነ ብሎ ወደ ኃላፊው ዞረ። ኃላፊው መጽሐፎቹ ወደ ካርቶናቸው እንዲመለሱ እያዘዘ ነበር። ማንጎው ሥር ያሉት ልጆች ሁሉ መልሱን ይጠብቃሉ።

«ፈርቼ ነው» አለ፣ ያለ ማይክ።

ኛማል ልጇን በሽርጧ እየጠቀለለች ቀና ብላ አየችው።

«እሱን ጻፍላቸው» አለችው።